ሐኪሙ ከመላኩ በፊት



በ1853 ሀድሰን ቴይለር የሚባል የ21 ዓመት እንግሊዛዊ ከሊቨርፑል ወደብ ተነሥቶ ወደ ቻይና ሄደ። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በየመሐሉ እየደጋገምኩ እንዳላሰለቻችሁ አንዴ ተናግሬ ልለፈው።) የዚህ ሰው ታሪክ በየጸሎት ቤቱ ይተረካል። ሃል በምትባል ከተማ የሐኪም ረዳት ሳለ፣ የሚሲዮን ኑሮ እንዳይከብደው ብሎ ከድሆች ሰፈር ክፍል ተከራይቶ፣ አጃና ሩዝ እየበላ፣ ከደመወዙ የተረፈውን ለችግረኛ ይሰጥ ነበር። በዚህ ሁላችንም እንደነቃለን። ከትረካው የሚዘለለው ግን ሌላው ግማሽ ነው። ቴይለር ከአገሩ ሲወጣ የሕክምና ትምህርቱን አልጨረሰም ነበር። ላኪዎቹም ቸኮሉ፣ እሱም ቸኮለ። በ1860 ጤናው ታውኮ ወደ እንግሊዝ ሲመለስ ያቋረጠውን ትምህርት ቀጠለ፤ በ1862 ተፈትኖ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ አባል ሆነ። ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣበትን ትልቁን የቻይና ሚሲዮን ያቋቋመው ከዚያ በኋላ፣ በ1865 ነው።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ወደ ውጭ አገር ሄጄ በሕክምና ሙያዬ ጌታን ላገልግል የሚሉ ወጣቶች ሊያማክሩኝ ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «መቼ ልሂድ?» የሚል ነው። «ምን ይጎድለኛል?» የሚለኝ ጥቂት ነው። የእኔ እምነት ደግሞ ይህ ነው፤ ጥሪው እውነተኛ ከሆነ ዝግጅቱን ያስረዝመዋል እንጂ አያሳጥረውም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ በእኛ ሙያ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ጉዳይ ከተቀባዩ ወገን ሆነን በሚገባ እናውቀዋለን። አሜሪካዊው ዶክተር ቶማስ ላምቢ ሱዳን ውስጥ ናስር ላይ ይሠራ ከነበረበት ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ወደ ሳዮ የተሻገረው የኅዳር በሽታ አገሩን ካራቆተ በኋላ በ1919 ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡልንን ሁሉ ብንቆጥር ይመሻል። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ አብያተ ክርስቲያናችን ላኪ ሆነዋል። ስለዚህ የተቀባይነት ትዝታችን ሳይጠፋ ላኪ ስንሆን ምን እንደምናደርግ ማሰብ አለብን። የትኛው የውጭ ሐኪም እንደጠቀመን፣ የትኛውስ ድካሙን ጥሎብን እንደሄደ ከእኛ የተሻለ ምስክር የለም።

ከጠቀሙን መካከል አንድ ባልና ሚስት ልጥራ። ሬጂናልድ እና ካተሪን ሐምሊን በ1959 ከአውስትራሊያ አዲስ አበባ ሲገቡ የሦስት ዓመት ውል ይዘው ነበር። ሥራቸው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ማቋቋም ነው። ሁለቱም በአውስትራሊያ የሠሩ፣ የበሰሉ የማህፀንና የጽንስ ሐኪሞች ናቸው። ሆኖም እዚህ ሲደርሱ በዓይናቸው አይተውት የማያውቁት ነገር ጠበቃቸው።

ምጥ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቆይ የእናትየው ፊኛ በሕፃኑ ራስና በዳሌ አጥንቷ መካከል ተጨቁኖ ይቆያል። ለረጅም ሰዓት የተጨቆነው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል። ሕፃኑ ብዙውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል፤ ከቀናት በኋላ የሞተው ሥጋ ሲወድቅ ቀዳዳ ይቀራል፣ ሽንትም ያለማቋረጥ ይፈሳል። ፊስቱላ የምንለው ይህ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የማዋለድ አገልግሎት ከተስፋፋ በኋላ ከዓይን የጠፋ ሕመም ነበርና፣ ሐምሊኖች ያን ሁሉ ዓመት ሠርተው ለዚህ አልተዘጋጁም። ታዲያ ምን አደረጉ? «እግዚአብሔር ይመራኛል» ብለው ቢላዋ አላነሡም። ከእነሱ በፊት የሠሩ ሐኪሞች የጻፉትንና የሣሉትን አጠኑ፤ ከዚያ በቀላሉ ቀዳዳ ጀምረው ወደ ከባዱ ሄዱ። በነገራችን ላይ በዚያ ዘመን በፊስቱላ ጥገና ስማቸው የገነነ ካይሮ ውስጥ ናጊብ ማህፉዝ የሚባሉ ሐኪም ነበሩ፤ የኖቤል ተሸላሚው ደራሲ ስሙን ያገኘው ካዋለዱት ከእኚሁ ሐኪም ነው። ለሚሲዮናዊ ሐኪም የሚያስፈልገው እውቀት ሁልጊዜ ከለንደን አይመጣም ማለት ነው፤ ጎረቤት አፍሪካ ውስጥ የተሻለ መምህር ሊኖር ይችላል።

የሦስት ዓመቱ ውል ምን ሆነ? የፊስቱላ ሆስፒታሉ በ1974 ተከፈተ። ሬጂናልድ በ1993 እስኪያርፉ ከሥራቸው አልተለዩም። ካተሪን ደግሞ በ2020፣ በ96 ዓመታቸው አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። ጥሩ ዝግጅት በር ላይ አያልቅም፤ ሐምሊኖች ከደረሱ በኋላ እንደ ተማሪ ሆነው እንደገና መጀመራቸው ነው ለእኔ ትልቁ ትምህርት።

አሁን ወደ እናንተ፣ ለመሄድ ወደምታስቡ የሙያ ባልደረቦቼና ተማሪዎች፣ ልምጣ። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚነሣ ሐኪም ወደ ሐሩር አገር ከመሄዱ በፊት አንትወርፕ ወይም ሊቨርፑል ገብቶ የሐሩር ሕመሞችን ለወራት ይማራል። አልበርት ሽቫይትዘር እንኳ፣ በሥነ መለኮትና በኦርጋን ሙዚቃ ስሙ አውሮፓን ካዳረሰ በኋላ፣ በ30 ዓመቱ ሕክምና «ሀ» ብሎ ጀምሮ፣ ዲግሪውን ይዞ፣ ፓሪስ የሐሩር ሕክምና ተምሮ ነው በ1913 ጋቦን፣ ላምባሬኔ የደረሰው። እንደደረሰ ሕሙማን የተቀበለው በዶሮ ቤት ውስጥ ነበር። ለእናንተ ግን ወባ፣ ካላዛር፣ ቲቢ የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል አይደሉም። ገጠር ሆስፒታል የወረደ ጠቅላላ ሐኪም በመጀመሪያው ዓመት የሚያየውን፣ የአውሮፓ ስፔሻሊስት በዕድሜው ላያየው ይችላል። በ2009 የተጀመረውን የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ተመልከቱ፤ ጤና መኮንኖች ሠልጥነው ስፔሻሊስት በሌለበት ወረዳ እናቶችን በኦፕራሲዮን ያዋልዳሉ። ሚሲዮን ሆስፒታል የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ሁሉን በጥቂቱ በትክክል የሚሠራ፤ የተሰበረ አጥንት የሚያስተካክል፣ በአከርካሪ ማደንዘዣ የሚሰጥ፣ የታፈነ ሕፃን የሚያነቃ፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ደግሞ አውቆ የሚልክ።

እዚህ ላይ ግን የሀበሻ ሐኪም የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። «አፍሪካ አፍሪካ ናት፣ አውቀዋለሁ» ማለት ነው። አታውቋትም። ሲክል ሴል የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የደም ሕመም በእኛ ደጋ ብርቅ ነው፤ ናይጄሪያ ወይም ኮንጎ ስትሄዱ ግን የሕፃናት ዋርዱ በእሱ የተሞላ ነው። በሥቃይ የሚጮኽ ልጅ መጥቶ ሆዱን ስታሻሹ ትውላላችሁ። ላሳ የሚባለው ደም የሚያፈስ ትኩሳት በላይቤሪያ፣ በሴራሊዮንና በናይጄሪያ አለ፤ የወባ መድኃኒት ሰጥታችሁ ስትጠብቁ እናንተንም ይይዛችኋል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የአይቨርሜክቲን ጉዳይ ነው። በአገራችን ምዕራብ ኦንኮሰርኪያሲስ ለሚባለው የትል ሕመም ይህን ኪኒን ለመላው ቀበሌ በዘመቻ እናድላለን፤ ጉዳት ስለማናይበት እንደ ቀላል ነገር ለምደነዋል። ካሜሩንና ጋቦን ውስጥ ግን ሎአ ሎአ የሚባል ሌላ ትል አለ፤ በደሙ ውስጥ ይህ ትል የበዛበት ሰው አይቨርሜክቲን ሲወስድ ትሎቹ በአንድ ጊዜ ይሞቱና አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ራሱን ይስታል፣ ሊሞትም ይችላል። እጃችሁ ላይ ያለው መድኃኒት ያው ነው፤ ልማዳችሁም ያው ነው፤ አገሩ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ የምትሄዱበትን አገር የሕክምና መመሪያ አውሮፕላን ላይ ሳይሆን ከወራት በፊት ማንበብ፣ ከተቻለም እዚያ ካለ ሐኪም ጋር ጥቂት ወር መሥራት ግዴታ ነው እላለሁ።

ስለ ራሳችሁ ጤናም ከዚሁ ጋር አንድ ነገር። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ለወባ እንደ ስዊድናዊ ባዳ ነው። ጥቁር ቆዳ ከወባ አይከላከልም። ደቡብ ሱዳን ወይም ቻድ ስትገቡ መከላከያ ኪኒን ያለ ማፈር ዋጡ፣ አጎበርም ዘርጉ። የጉበት ቫይረስ ክትባታችሁን ሦስቱንም መጠን ሳትጨርሱ አትነሡ፤ የቢጫ ወባ ካርዳችሁንም ያዙ። መርፌ ቢወጋችሁ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበት ታውቃላችሁ፤ የምትሄዱበት ክሊኒክ መድኃኒቱ ይኑረው አይኑረው ግን ጠይቃችኋል? የዴቪድ ሊቪንግስተን ሚስት ሜሪ በ1862 በዛምቤዚ ዳር በወባ ሞታለች። ባሏ ለወባ ኩዊኒን ከተጠቀሙት ቀዳሚ ሐኪሞች አንዱ ነበር።

ወደ ቋንቋ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1944 ስለ ሚሲዮኖች ያወጡትን ድንጋጌ የሚያስታውሱ ከመካከላችን ብዙ አይኖሩም። አገሪቱን በሁለት የከፈለ ነበር፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢዎችና ለስብከት ክፍት የሆኑ አካባቢዎች ተብሎ። በኦርቶዶክስ አካባቢዎቹ ውስጥ ሚሲዮኖች ሕክምናና የተወሰነ ትምህርት ብቻ እንዲሰጡ ተፈቀደላቸው። ከዚሁ ጋር ሚሲዮናውያን ሁሉ አማርኛ እንዲማሩ ይጠበቅባቸው ነበር። ያኔ ይህን እንደ ጫና ያዩ ነበሩ። ዛሬ ላኪ ሆነን ስናየው ግን ጥሩ ሕግ ነበር፤ እኛም ለራሳችን ሰዎች ልናወጣው የሚገባ።

ምክንያቱን በአንድ ክፍል ውስጥ ላሳያችሁ። የሃያ ዓመት ሴት ትመጣለች። አስተርጓሚው የባሏ ወንድም ነው፤ ሌላ ሰው የለም። ሐኪሙ «ሽንትሽን መቆጣጠር ካቃተሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ? ከወሊድ በኋላ ነው? ልጁስ ተርፏል?» ብሎ ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል። ወንድምየው ሁለት ቃል ይናገራል። ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ ረጅም ነገር ትመልሳለች፣ እንባዋም ይወርዳል። ወንድምየው ወደ ሐኪሙ ዞሮ «ሆዴን ያመኛል ነው የምትለው» ይላል። ሐኪሙ የትል መድኃኒት ጽፎ ይሰጣታል። ሴትዮዋ ቀዳዳዋን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በዚህ ክፍል ውስጥ የጎደለው የአልትራሳውንድ መሣሪያ አይደለም።

ስለዚህ የምመክረው ከባድ ነገር ነው። ከሄዳችሁ በኋላ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት፣ ብትችሉ ዓመቱን፣ ለቋንቋ ብቻ ስጡ። ወደ ቻይና ከሄዱት የፕሮቴስታንት ሚሲዮናዊ ሐኪሞች የመጀመሪያው የነበረው ፒተር ፓርከር በ1834 ካንቶን እንደደረሰ ወዲያው ሆስፒታል አልከፈተም። ሲንጋፖር ሄዶ ቋንቋውን ሲማር ቆየና የዓይን ሆስፒታሉን በ1835 ከፈተ። በር ላይ የተሰለፈ ሕመምተኛ እያያችሁ መጽሐፍ ይዞ መቀመጥ ሕሊናን ይሞግታል፤ አውቃለሁ። ላኪ ቤተ ክርስቲያንም «የላክነው ሐኪም ምን እየሠራ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ያንን ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ የእናንተ ሳይሆን የሽማግሌዎቹ ሥራ ነው። ወደ ቻድ የሚሄድ ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛም ያስፈልገዋል፤ ሁለቱም በጥድፊያ አይመጡም።

ቀጥሎ ስለ ዕቃ። በገጠር ሆስፒታል ስሠራ በጎ ፈቃደኞች የላኩልን ሁለት ኦክስጅን ማመንጫ መሣሪያዎች በካርቶን መጡ። ከነፕላስቲካቸው ናቸው፤ ደስታው ሌላ ነበር። የአንዱን ገመድ በአስማሚ ሶኬት ሰካነው። ትንሽ አጉረመረመ፣ ከዚያ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ የሕፃናት ክፍሉን ሞላው፣ ከኋላው ጭስ ወጣ። ገልብጠን ስናየው ከታች በትናንሽ ፊደል «110 ቮልት» ይላል። የእኛ መብራት 220 ነው። ሁለተኛው መሣሪያ ትራንስፎርመር እስኪገዛለት ድረስ ማዕዘን ውስጥ ቆመ። ላኪዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አንድ ስልክ አልደወሉም እንጂ። መድኃኒትም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በ1996 ባወጡት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ፣ የሚለገስ መድኃኒት አገሩ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ የቀረው እንዲሆንና ተቀባዩ በጠየቀው ላይ እንዲመሠረት ይላል። ሻንጣችሁን ስትሞሉ ይህን አስታውሱ። ጊዜው ሊያልፍ የቀረበ መድኃኒት ተሸክሞ መሄድ ስጦታ አይባልም፤ ማቃጠያ ምድጃ የሌለው ክሊኒክ ላይ የሚጣል ሸክም ነው።

የሁለት ሳምንት የቀዶ ሕክምና ዘመቻዎችንም በዚህ ሚዛን ነው የማያቸው። ሐኪሙ ዐርብ ይሠፋል፣ እሑድ ይሄዳል፤ ስፌቱ ማክሰኞ ይመግላል። ማክሰኞ ማን አለ? በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ዘመቻ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ማክሰኞ የሚኖረውን የአገሩን ሐኪም አብሮ ካላሠራ፣ ካላስተማረም ግን ባይመጣ ይሻላል።

እዚህ ላይ ነው የዝግጅቱ ልብ ያለው። ሚሲዮናዊ ሐኪም የሚዘጋጀው ተተኪውን ለማፍራት ነው። የሐምሊኖችን ታሪክ ሳልጨርሰው ያቆየሁት ለዚህ ነው። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በልጅነታቸው በከባድ ምጥ ተጎድተው ወደ ሐምሊኖች የመጡ የገጠር ሴት ናቸው። ትምህርት ቤት አልገቡም ነበር። ከታከሙ በኋላ እዚያው ቀሩ፤ አልጋ ከማንጠፍ ጀመሩ፣ ከዚያ በኦፕራሲዮን ክፍል ዕቃ ማቀበል፣ ከዚያ መርዳት፣ በመጨረሻም ራሳቸው ፊስቱላ መጠገን። ከብዙ አገር የመጡ ስፔሻሊስቶች ከጎናቸው ቆመው ከእጃቸው ተምረዋል። የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅም ሸልሟቸዋል። በዚያ ላይ በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ፤ ማለትም ሐምሊኖች በ1959 የመጡበት ሥራ ከ48 ዓመት በኋላ ተጠናቀቀ።

አይዳ ስከደር ሕንድ ውስጥ፣ ቬሎር ላይ ያደረገችውን ደግሞ ተመልከቱ። የሚሲዮናውያን ልጅ ናት፤ ሚሲዮናዊ መሆን አልፈለገችም ነበር። በአንድ ሌሊት ምጥ የያዛቸው ሦስት ሴቶች ወንድ ሐኪም እንዲያያቸው ባሎቻቸው ስላልፈቀዱ መሞታቸውን ሰማች። ወደ አሜሪካ ሄዳ በ1899 ሐኪም ሆና ወጣችና ተመለሰች። ብቻዋን ማከም ትችል ነበር። እሷ ግን ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረች፣ በ1918 ለሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት ከፈተች። ዛሬ ቬሎር ከሕንድ ታላላቅ የሕክምና ኮሌጆች አንዱ ነው። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ሽቫይትዘር፣ ለራሱ ዝግጅት ያን ያህል የደከመው ሰው፣ ከአምሳ ዓመት በኋላ አፍሪካውያን ሐኪሞችን ባለማፍራቱ ይወቀሳል። ወቀሳው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

የአፍሪካ ክርስቲያን ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚ የሚባለው ማኅበር በ1990ዎቹ የተመሠረተው ይህንኑ ጉድለት ለመሙላት ነው። አፍሪካውያን ሐኪሞችን በሚሲዮን ሆስፒታሎች ውስጥ ለአምስት ዓመት ያህል ቀዶ ሕክምና ያስተምራል፤ ሶዶ ከሚያስተምርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ከእናንተ መካከል ቀዶ ሐኪም መሆን የሚሻ ካለ፣ ሊያገለግልበት በሚፈልገው ዓይነት ሆስፒታል ውስጥ ቢሠለጥን ከከተማ ማስተማሪያ ሆስፒታል ይልቅ ይጠቅመዋል።

የላይቤሪያን ጉዳይ ሳልጨምር አላልፍም። በ2014 ኢቦላ ሞንሮቪያ ሲገባ ኤልዋ የሚባለው የሚሲዮን ሆስፒታል የመጀመሪያውን የኢቦላ ክፍል ያዘጋጀው ከጸሎት ቤቱ ወንበሮቹን አውጥቶ ነው። አሜሪካዊው ዶክተር ኬንት ብራንትሊ ታመመ፤ በልዩ አውሮፕላን ወደ አገሩ ተወስዶ ዳነ። ላይቤሪያዊው ዶክተር ጄሪ ብራውን ግን የሚወስደው አውሮፕላን አልነበረም፤ እዚያው ቆይቶ ሲያክም ከረመ። የብራንትሊን ድፍረት አላናንቅም፤ ሕይወቱን አሲዞ ነበር። ግን የውጭ ሐኪም ሆናችሁ ስትሄዱ የመውጫ በር እንዳላችሁ፣ ባልደረባችሁ ግን እንደሌለው አስቀድማችሁ እወቁ። ይህን የሚያውቅ ሰው በሆስፒታሉ ስብሰባ ላይ ድምፁ ዝቅ ይላል።

ስለ መንፈሳዊ ዝግጅት ብዙ አልልም፤ በዚህ ጉባኤ ከእኔ የሚበልጡ አባቶች አሉ። አንድ ነገር ብቻ ከሐኪምነቴ ልናገር። የታመመ ሰው ነጻ አይደለም። ሕመሙን ለማስታገሥ የምትሉትን ሁሉ እሺ ይላል። ስለዚህ ሕክምና የስብከት መግቢያ ዋጋ እንዳይሆን መጠንቀቅ አለባችሁ። ቀይ መስቀልና የእርዳታ ድርጅቶች በ1994 የተስማሙበት የሥነ ምግባር ደንብ እርዳታ ሃይማኖት ሳይለይ እንዲሰጥ፣ የሃይማኖት አቋም ማስፋፊያም እንዳይሆን ይላል። በቤተ ክርስቲያን የሚታሰቡት ቅዱሳን ሐኪሞች ቆዝሞስና ድምያኖስም ያለ ዋጋ በማከማቸው ይታወቃሉ፤ ገንዘብ ብቻ አይደለም ዋጋ። ስለ እምነታችሁ ከተጠየቃችሁ መልሱ፤ ካልተጠየቃችሁ በደንብ አክሙ። በአንዳንድ የባሕረ ሰላጤ አገሮች ደግሞ ስብከትን የሚከለክለው ሕግ ግልጽ ነው። በነርስነት ተቀጥራችሁ ገብታችሁ ከሆነ የፈረማችሁትን ውል አክብሩ፤ በሐሰት ቪዛ የሚጀመር አገልግሎት አላምንበትም።

አንድ ከባድ ጥያቄ ቀርቷል። «አገራችን ሐኪም ሳይጠግብ ለምን ለሌላ እንልካለን?» ይባላል። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። የእኔ መልስ እንዲህ ነው፤ በአገሩ ወረዳ ሆስፒታል ያላገለገለ ሰው አይላክ። በመንግሥት ወጪ የተማረ የወጪ መጋራት ግዴታውንና የአገልግሎት ዘመኑን ይፈጽም። ከተረኛ ምደባ ለማምለጥ ወይም ለስደት መሸጋገሪያ «ሚሲዮን» የሚለውን ስም የሚጠቀም ካለ፣ ሽማግሌዎች ሊያውቁበት ይገባል፤ ይህ ፈተና እውነተኛ ነው። ይህን ያለፈው ግን ይሂድ። እኛ የተቀበልነው ከትርፋቸው ከሰጡ አገሮች ብቻ አልነበረም።

አብያተ ክርስቲያናትን በዚሁ እማጸናለሁ። መሸኛ ጉባኤ ማድረግ ቀላል ነው፤ ኬክ ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ብዙ ቦታ ገንዘቡ እዚያው ያልቃል። የተላከው ሰው የሚኖረው በዶላር ነው፣ እናንተ የምትሰበስቡት በብር ነው፤ ምንዛሪው ሲለወጥ ግማሽ ደመወዙ ሊጠፋ እንደሚችል አስባችሁ ከወዲሁ ተነጋገሩ። የልጆቹን ትምህርት ማን ይከፍላል? ሲታመም ማን ያወጣዋል? ሲመለስ የት ይሠራል? እነዚህን ሳትመልሱ እጅ አትጫኑበት።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ የምሰጣችሁ ሥራ አለ። በሚቀጥለው እረፍታችሁ ከከተማ ወጥታችሁ አንድ ወር በአንድ ወረዳ ሆስፒታል ተረኛ ሁኑ። ሙያ ፈቃዳችሁን ወደሌላ አገር ለማዛወር ምን ሰነድ እንደሚጠየቅ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ወራት ይፈጃል። የምትሄዱበትን አገር ቋንቋ የሚናገር ሰው በአዲስ አበባ አይጠፋም፤ ፈልጉትና በሳምንት ሁለት ቀን መማር ጀምሩ። እነዚህን ዓመት ሙሉ ያለ ማቋረጥ ያደረገ ሰው ስለ ጥሪው ሊያነጋግረኝ ቢመጣ፣ በደስታ እቀበለዋለሁ።